በሳጥን የከረመችው የዋንዛ ዶሮ

ተኝታ መሆን ነበረባት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት የእሷ ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ መጋረጃው ሁሉ ወርዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ አሠሪዋ ማዳም ወደ መኝታዋ ከመግባቷ በፊት ስልኩን ከመሳቢያዋ አውጥታ መዳፏ ላይ ታስቀምጥላታለች፣ አስር ሰዓት ሲሆን መልሳ ትቀበላታለች፤ ለእንቅልፍም፣ ለሰላትም፣ ለአገር ቤትም የተሰጠቻት ይቺው ሁለት ሰዓት ናት። ሩፈይዳ ግን ወደ አራት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ በዚች ሁለት ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም። ጀርባዋን ፍራሹ ላይ አሳርፋ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣራ ጣራውን ታያለች፤ ውጭ የሪያድ ፀሐይ አስፋልቱን እየቀቀለችው ነው፣ ጅማ ላይ ደግሞ በዚሁ ሰዓት የነሐሴ ዝናብ የሰፈሯን የመንደራ ቆጪን ቆርቆሮ እየደበደበው ነው፤ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ሰማዩ ነው የሚለያየው፤ እናቴ አሁን ምን እያደረገች ነው፣ ልጄ ሂንድ አሁን ምን እያደረገች ነው እያለች ታወጣለች ታወርዳለች። ዛሬ የምታወጣው የምታወርደው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥኑ ይከፈት ወይስ አይከፈት?

የእናቷ ድምፅ ስልኩ ውስጥ አለ። ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች፣ አራተኛ ትሰማዋለች። «ሩፊ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሂንድም ደህና ናት። ሳሉ ነው እንጂ ደህና ናት። ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዳትደነግጪ። ያ አልጋው ስር ያለው ሳጥን ይሸታል። በፊት ትንሽ ትንሽ ነበር፣ አሁን ግን ሰው ሲገባ አፍንጫውን ይይዛል። ልጅቷን መሬት አስተኝቻታለሁ፣ ሳሉ ግን አልተዋትም። ልክፈተው ወይስ ይቅር? አንቺ ክፈቺው ካላልሽኝ አልከፍተውም። አማና ነው።» እናቷ ባህሪያ መቅረጫውን መዝጋት አትችልበትም፤ ስለዚህ ንግግሯ ካለቀም በኋላ ዝናቡ ይሰማል፣ ከዝናቡ መሃል ደረቅ ሳል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስተኛው ሳይጨርስ መልእክቱ ይቆረጣል።

አማና ነው፣ አደራ፣ አለች። ይህን ስትል ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አንድ ጊዜ፣ ሩፈይዳ ልጅ ሳለች፣ ከደዶ የመጣች ሴትዮ «ገበያ ደርሼ ልመለስ» ብላ አንድ ቅርጫት አቮካዶ አስቀምጣ ሄደች፣ በዚያው ቀረች፤ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አቮካዶው በስብሶ ውሃ ሆኖ በበሩ ሥር መውጣት ጀመረ፣ ዝንብ ቤቱን ወረሰው፣ እናቷ ጠዋት ማታ ወለሉን ትወለውላለች እንጂ የቅርጫቱን ክዳን አልነካችም። ጎረቤት «ኧረ ባህሪያ፣ ድፊው!» ሲላት «የኔ ነው እንዴ የምደፋው?» ትላለች። ሴትዮዋ በወሯ ስትመጣ ታማ ከርማ ኖሯል፤ ቅርጫቱን ከነግማቱ ተረከበች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ያኔ ሁላቸውም ስቀው ነበር። አሁን አያስቅም። አሁን ቅርጫቱ ሳጥን ነው፣ የደዶዋ ሴትዮ ደግሞ ሩፈይዳ ራሷ ናት፤ ያውም አልታመመችም፣ በገዛ እጇ ፈርማ ውሏን ያደሰች ጤነኛ ሰው ናት።

የምትተኛበት ክፍል የሠራተኛ ክፍል ይባላል እንጂ የሳጥኖች ክፍል ነው። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት የሚሠራው ለእሷ ተብሎ አይደለም፣ ለሳጥኖቹ ነው፤ እሷ በእነሱ ጥላ ነው ከሙቀት የምትተርፈው። አሥራ አራት ናቸው። የማዳም አባት፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ለልጅ ልጃቸው በእጃቸው የጠረቧቸው መጫወቻዎች አሉባቸው፤ ግመል፣ ጀልባ፣ እግሩ የሚታጠፍ ፈረስ። እያንዳንዱ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ሰዓት መሳይ ነገር አለች፤ ሰዓት ግን አትቆጥርም፣ የአየሩን እርጥበት ነው የምትቆጥረው። ሩፈይዳ ጠዋት ጠዋት ቁጥሯን አይታ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ከአርባ አምስት ከወረደች ጥግ ያለችውን ማሽን ውሃ ሞልታ ታስነሳለች፣ ማሽኗም እንፋሎቷን ትተነፍሳለች፣ ሪያድ ላይ እንጨት ይጠማዋልና፣ ካላጠጡት ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ሰሞን ይህን ስትነግራት እናቷ «ለእንጨት ውሃ? ሞቶ የለ እንዴ?» ብላ በስልክ ስቃባት ነበር። ሩፈይዳ ግን አልሳቀችም። ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው የዳሯት፤ በሕይወቷ ደብተር ተሰጥቷት ቁጥር እንድትጽፍ የታመነችው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ያቺን ሰዓት መሳይ ነገር ታከብራታለች፣ ጠዋት ከሱብሒ ሰላት ቀጥሎ የምታየው እሷን ነው።

ባሏ ሙርሺድ ያቺን ቆጣሪ ቢያይ ምን ይል ነበር? ሙርሺድ እንጨትን በምላሱ ነው የሚለካው። የተሰነጠቀውን ጣውላ አፉ ላይ አድርጎ ይቀምሰዋል፣ ከዚያ «አልደረቀም» ወይም «ደርቋል» ይላል፣ ወንድሙ ሳዲቅ ደግሞ «ጨው ልጨምርልህ?» ይለዋል፣ እሷ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱን ታያለች፤ የበርጩማ መሥሪያው ቤት መንደራ ቆጪ መንገድ ዳር ነው፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራና የእንጨት ብናኝ ይደባለቃሉ፣ የባሏ ቅንድብ ሁሌም የዋንዛ ቀለም ነው። ሂንድ በተወለደች በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ማታ በኪሱ ቁርጥራጭ ይዞ መጣ። የዋንዛ ልቡ ቡናማ ነው፣ ዳሩ ነጭ፤ ልቡን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ነጩን ግን እንደ ቆሎ ይበላዋል፤ ለዚህ ነው አናጢ ነጩን ጠርቦ የሚጥለው። ሙርሺድ ግን ሁለቱንም አመጣ። ከቡናማው የዶሮ አካል ቀረጸ፣ ከነጩ ሁለት ክንፍ አወጣ፣ አራት ጎማ ገጠመላት፣ አንገቷን በክር አያይዞ ስትጎተት ደፋ ቀና እያለች መሬት እንድትለቅም አደረጋት፣ ለዓይኖቿ ሁለት የቡና ፍሬ በኮላ ለጠፈ። ምስማር የሚባል ነገር የላትም። ሳዲቅ አገላብጦ አያትና «ነጩን ምን ብለህ አስገባኸው? ይነቅዛል» አለው። ሙርሺድም «ዶሮ ክንፏ ነጭ ካልሆነ ያምርባታል? ደግሞ እስኪነቅዝ ልጄ አታድግም እንዴ?» አለ።

ልጅቷ ስምንት ወር ሲሞላት ሙርሺድ ጣውላ ሊያመጣ ወደ ደዶ ሄደ። መንገዱ ዝናብ የላሰው ቀይ ጭቃ ነው፣ አይሱዙው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው፣ ሙርሺድ ከላይ ጭነቱ ላይ ነበር የተቀመጠው። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አታስበውም፤ ልታስበው ስትጀምር ሐሳቧ እንደ በቅሎ ይገግማል፣ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ወደ ኋላ ይላል። የምታስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ወንዶቹ አጥበውት፣ በነጭ አቡጀዲ ከፍነውት፣ ጅሬን ዳገት ሥር ወዳለው መቃብር ይዘውት ሲሄዱ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ መቅረታቸውን፣ የተረፈውን አቡጀዲ እናቷ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መክተቷን፣ ሂንድ ደግሞ በርከክ ብላ ዶሮዋን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረገች፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ እየሳቀች መጫወቷን።

ከዚያ ደላላ መጣ፣ ፓስፖርት ወጣ፣ የጤና ምርመራ፣ አሻራ፣ እንደገና አሻራ። የሄደችበት ቀን ጠዋት ሂንድ ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጣ የዶሮዋን ማንቁር በጥርሷ እያኘከች ነበር። ሩፈይዳ አየቻትና ልቧ ደነገጠ፣ ትሰብራታለች፣ እኔ ሳልኖር ትሰብራታለች፣ ከሙርሺድ እጅ የቀረ ነገር ይቺ ብቻ ናት ብላ ጎንበስ አለችና ዶሮዋን ያዘች። ልጅቷ አልለቅም አለች። የልጅ ጣት እንዲህ ጠንካራ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ አንድ በአንድ፣ ትንሿን ጣት፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ አውራ ጣቷን በመጨረሻ፣ ፈልቅቃ ነው የወሰደችባት። ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ የነካችው በዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ መሳሙን ማቀፉን፣ ኋላ ላይ አድርጋው ይሆናል፣ አታስታውሰውም፤ እጇ የሚያስታውሰው መፈልቀቁን ነው። «አዮ፣ እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካት። በአላህ አማና» አለች ለእናቷ። እናቷም «በአላህ አማና» አለች።

እናቷ ያስቀመጠቻት የክቡር ዕቃ ቦታ ላይ ነበር፤ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ፣ ለከርሞ ከሚዘራው የበቆሎ ዛላ ጎን። በእናቷ ቤት ከዚያ የሚበልጥ ማስቀመጫ የለም። ጭሱ ነቀዝ አያስደርስም፣ ሙቀቱ ሻጋታ አያስገባም፣ ዘር እዚያ ተሰቅሎ ዓመት ከዓመት ይደርሳል። ግን ሩፈይዳ ከሄደች ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ውሏ አልቆ ትመለሳለች በተባለበት ወር፣ ሳዲቅ ስልክ ይዞ መጥቶ በምስል ሲያገናኛቸው፣ «እስቲ ዶሮዋን አሳዩኝ» ስትል እናቷ ከቆጡ አውርዳ ያሳየቻት ነገር ከሰል ነው። ጥላሸት። ክንፉ የት ነው፣ ዓይኑ የት ነው? ሩፈይዳ ጮኸች። በእናቷ ላይ ጮኻ አታውቅም፣ ያን ቀን ጮኸች። «ዕቃ እንዲህ ነው እንዴ የሚቀመጠው? ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አላይም መሰለሽ?» እናቷ ዶሮዋን በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች።

በማግስቱ ማዳምን ጠየቀቻት። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተጠየቀችውን ታስረዳለች፣ መጫወቻ ሲሆን ደግሞ ድምፅዋ ይለሰልሳል።

«እንጨት ነው?» አለቻት።

«እንጨት ነው፣ ማዳም።»

«መጀመሪያ ተባዩን መግደል። በላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጥጥ፣ ከዚያ አየር የማያስገባ ላስቲክ፣ ከዚያ ሳጥን። ከዚያ አለመክፈት። ዋናው እሱ ነው፣ አለመክፈት።»

«የማዳም ልጅ መቼ ነው የሚወስዳቸው?»

ማዳም የግመሉን ሳጥን አቅንታ አስቀመጠችና «ቦታ የለኝም ይላል» አለች።

ማዳም የዕቃው ቤት የት እንደሆነ አልጠየቀቻትም፣ ሩፈይዳም ዝናብ ስላለበት አገር አልነገረቻትም። የሰማችውን ቃል በቃል በስልክ አስተላለፈች፤ ከውጭ የሚመጣ ቃል ደግሞ ክብደት አለው፣ ብር የሚልክ ሰው ሲናገር እናትም ብትሆን ጎንበስ ብላ ትሰማለች። ሳዲቅ ብቻ ነው ያጉረመረመው። «ያ ኡሙ ሂንድ፣ የሂንድ እናት፣ እኔ እኮ እንጨት ሠሪ ነኝ፣ የቆጡ ቦታ ምን አለው?» አላት። «አንተ ዝም በል፣ ያልኩትን አድርጉ» አለችው። አደረገ። ዶሮ ቤት የሚባል ሥጋ መሸጫ ወስዶ ባለቤቱን ለምኖ ፍሪዘር ውስጥ አስገባት። በኋላ ሲነግራት «ሦስት ቀን ከእህቶቿ ጋር አደረች። አራተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሁሉም ሲቀልጡ ሰውዬው "ያንተዋ ብቻ ናት ያልገማችው፣ ውሰድልኝ" አለኝ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እናቷ ዶሮዋን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች፣ በላስቲክ አሸገች፣ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፈች፣ ሳጥኑን ሂንድ የምትተኛበት አልጋ ሥር አስገባች፣ ቁልፉን በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች። ሩፈይዳ ያን ቀን ደስ አላት። ሥርዓት ያለው ነገር ተሠራ አለች። በዚያው ሳምንት ማዳም ወረቀት ስታመጣላት፣ አንዴ ሁለት ዓመት ብቻ፣ ዕቃውም በደህና ተቀምጧል ብላ ፈረመች። ዕቃው አለች። ልጄ አላለችም። ይህን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሂንድ ስልክ ላይ ስትቀርብ የምታወራት ስለ ሳጥኑ ነው፣ ሌላ የጋራ ነገር የላቸውማ። «ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ዶሮ አሁን ምን ትበላለች?» ትላለች። «አትበላም፣ የኔ እናት፣ ተኝታለች።» «እንቁላል ጥላ እንደሆነስ?» «ስመጣ አብረን እናያለን።» «መቼ ነው የምትመጪው?» «ኢንሻአላህ።» ልጅቷ ኢንሻአላህን የቀን ስም ትመስላት ነበር፣ አንዴ «ኢንሻአላህ ከጁምዓ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላ ጠይቃለች። አሁን ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፣ አትጠይቅም።

ስልኩን ከደረቷ ላይ አነሳች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አትክፈቱ ብል ምን ይሆናል? ውሌ ሲያልቅ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ እሄዳለሁ፣ እኔው እከፍተዋለሁ፣ ልጅቷን ሌላ ክፍል ታስተኛት፤ ሌላ ክፍል የለም፤ ሳጥኑን ታውጣው፤ ውጭ ዝናብ ነው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወዳለችው ቆጣሪ ሄደ። አርባ ስምንት ትላለች። ጅማ ላይ በነሐሴ ብትሰቀል ስንት ትል ነበር? ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፣ ጨው ይቀልጣል፣ ቆዳ ጫማ በሁለት ቀን አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፣ ይህን ማን ሊነግራት ነው፣ ያደገችበት አይደለም እንዴ? እንፋሎት የምትተነፍሰዋን ማሽን አየች። እዚህ ላስቲኩ ውሃውን ውጭ ያስቀራል። እዚያ ግን፣ ያ ረቢ፣ እዚያ ላስቲኩ ውሃውን ውስጥ ነው የሚያስቀረው። ተነስታ ተቀመጠች። ደወለች።

የመጣው የሳዲቅ ፊት ነው። «ዐለይኪ ሰላም፣ ኡሙ ሂንድ! እኛ ፈቃድሽን እየጠበቅን ነው። ይህቺ ዶሮ ከሁላችንም የተሻለ መኝታ አላት፣ የሚቀራት ፓስፖርት ነው።» ሊያስቃት ነው፣ ዓይኑ ግን አይስቅም።

«አዮ የት አለች?»

«አለሁ ኢንተላ ኮ» አለች እናቷ ከጎን፣ የሻርፗን ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች። «ክፈቺ አልሽኝ? በአፍሽ በይው፣ ልስማው።»

«ክፈቺው» አለች ሩፈይዳ።

ቁልፉ ዝጎ ነበር፣ ሳዲቅ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው። ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ፤ ሩፈይዳ የማይሸታት ሽታ በእነሱ ፊት ላይ አየችው። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጤዛ አዝሏል፣ የዝናብ ቀን የመኪና መስታወት ይመስላል። ሳዲቅ በቢላ ቀደደው። ነጩ ጨርቅ ነጭ አይደለም፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ ለብሷል፣ ሲገለጥ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ እየተላጠ ነው። ከዚያ ዶሮዋ ወጣች። አንገቷ ክሩ በስብሶ ደረቷ ላይ ወድቋል። አንድ ዓይኗ የለም። ሳዲቅ ክንፏን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ክንፉ እንደ ሽሮ ዱቄት ሆኖ እጁ ላይ ፈሰሰ፣ ከዱቄቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነቀዝ እየሄደች ወጣች።

 

«እንዴት እንዲህ ርጥብ ሆነች?» አለች ሩፈይዳ። «ደርቃ አልነበረም እንዴ የገባችው?»

እናቷ ወደ ስልኩ አላየችም። «አጥቤያት ነበር» አለች።

«ምን?»

«ጥላሸቷን ይዛ እንዴት ትግባ? ቆሸሸ ብለሽ ተቆጥተሽ የለ። በኦሞ አጠብኳት። ነጭ ጨርቅ ስትዪኝ ደግሞ ከሙርሺድ የተረፈው አቡጀዲ ነበረኝ፣ በእሱ ጠቀለልኳት።»

«ሳትደርቅ?»

«ክረምት ነበር፣ ኢንተላ ኮ። በክረምት ምን ይደርቃል? አንቺ ዛሬውኑ አሽጉ አልሽ።»

ብላለች። ዛሬውኑ ብላለች። ቆሽሿል ብላ ያሳጠበቻት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አሽገው እንዲያስቀምጡላት ያዘዘችው እሷው ናት፣ እናቷ ያደረገችው የታዘዘችውን ነው፣ እንደምታውቀው አደረገችው፣ ሰው ሁሉ ለሬሳ እንደሚያደርገው። የቆጡ ላይ ጥላሸት፣ ያ ከሰል ያለችው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ነቀዝ ሳያስነካ ጠብቋት ነበር። በሁለት ክረምት የበላት ግን ንጽሕናው ነው።

«አብሽሪ» አለ ሳዲቅ። «ነገውኑ ልክ እሷኑ የምትመስል እሠራለሁ። ልኬቱ በእጄ ነው ያለው። ልጅቷ ልዩነቱን አታውቅም፣ ወላሂ።»

«ይህቺ ትቃጠል» አለች እናቷ። «ዱቄቷ የልጅቷ ደረት ላይ ይወጣል።»

ሩፈይዳ ልትመልስ ስትል ከሥር የሆነች ጭንቅላት ብቅ አለች። ሂንድ ናት። ሹሩባዋ ተፈትቷል፣ ፊቷ ከባለፈው ወር ረዝሟል፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ጥርሷ መውለቁን ለሩፈይዳ ማን ነገራት? ልጅቷ ስልኩን አላየችም። ሳጥኑን ነው ያየችው። አንዴ ሳለችና በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች።

«አኮ፣ ይቺ ናት?» አለች አያቷን።

«አዎ።»

«ተበላሽታለች?»

«ተበላሽታለች፣ ልጄ።»

ሂንድ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ አሁን መጫወቻ ሆነች?»

አያቷና ሳዲቅ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ስልኩ ዞሩ፤ ሂንድም እነሱን አይታ ዞረች፣ የፈቃድ ባለቤት የት እንዳለች ታውቃለች። ስልኩን የምታየው እንደ እናት አይደለም፤ ቀበሌ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚታይ ነው የምታየው፣ እሺ ይል ይሆን እምቢ ይል ይሆን እያለች።

አዲሷን ይሥራላት፣ ንጹሕ ናት፣ አታስላትም፣ ትላለች ሩፈይዳ በውስጧ፤ ይቺኛዋን ደግሞ ያለውን ያህል አጽድተው ያቆዩልኝ፣ ልቡ አልተነካም፣ የዋንዛ ልብ አይነካም፣ ሳዲቅ ቢያደርቃት፣ ቢያድሳት፣ አንድ ወር ብቻ ቢያስቀምጡልኝ። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ማስቀመጥ የሚለው ቃል። መልሳ ዋጠችው።

«ሳዲቅ» አለች። «ክንፏን አራግፍላት፣ አንድም እንዳይቀር። ነቀዝ ያለበትን ሁሉ ጥረገው። ልቡ ደህና ነው?»

ሳዲቅ የዶሮዋን ጀርባ በጥፍሩ ጫር አደረገ፣ ከዚያ እንደ ወንድሙ ወደ አፉ አስጠግቶ ቀመሰው፣ እንትፍ አለ። «ልቡ ደህና ነው።»

«አንገቷን በሲባጎ እሰርላት። ጨርቁንና ላስቲኩን አቃጥሉት። ከዚያ ስጣት።»

«ለማን?» አለች እናቷ።

«ለባለቤቷ።»

ሳዲቅ ስልኩን ከሳጥኑ ክዳን ጋር አስደግፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሩፈይዳ የምታየው የቤቱን ኮርኒስና የመጋረጃውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ደጃፍ ላይ እንጨት ሲራገፍ፣ ብሩሽ ሲፋጭ፣ እናቷ «ማሎ፣ በደንብ» ስትል ይሰማታል። ዝናቡ ያባራ ይመስላል፣ ቆርቆሮው ዝም አለ። የልጅ የእግር ኮቴ በፍጥነት አለፈ። ከዚያ የእናቷ እግር፣ ከዚያ የሳዲቅ፣ ሁሉም ወደ ግቢ ወጡ፤ ስልኩን ማንም አላስታወሰውም። ኮርኒሱ ላይ አንድ የውሃ ነጠብጣብ አለ። እሷ በነበረችበት ጊዜ አልነበረም።

ከሩቅ የጎረቤት ልጅ ድምፅ መጣ፣ የሴት ልጅ፣ የሚያሾፍ።

«ምንድን ናት እሷ?»

«ዶሮ ናት።»

«ክንፍ የላትም እኮ!»

«የላትም።»

«አሮጌ ናት። ማነው የገዛልሽ?»

«አልተገዛችም» አለች ሂንድ፤ አንዴ ሳለችና ቀጠለች፤ «አባቴ ነው የሠራልኝ።»

ሩፈይዳ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ሂንድ» ብላ ተጣራች። ማንም አልሰማትም። ሁለተኛ ልትጣራ አየር ሳበች፣ ከዚያ ተወችው።